ባሕር በሌለበት የባሕር ዓሣ

ሥራሽ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው መልሴን ሁለት ጊዜ መናገር ግድ ይሆንብኛል። ካርቱም ውስጥ የባሕር ዓሣ እንከባከብ ነበር እላለሁ። ሰውየው ዓባይን ያስባል፤ መረብና ጀልባ፣ የተጠበሰ ዓሣ ያስባል። አይደለም፣ የጨው ውሃ ዓሣ ነው፣ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚኖር፣ ሰው እያየ የሚደሰትበት ስል ደግሞ፣ የቱ ባሕር ይለኛል። ከካርቱም እስከ ቀይ ባሕር በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። እኔ ግን በዚያ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት በየሳምንቱ ባሕር ሳበጅ ኖሬያለሁ።

አሁን ሥራ አቁሜያለሁ። ጦርነቱ ጋብ ሲል ካርቱም ዳር ሶባ ወዳለው ቤቴ ተመለስኩ። ሰውም እየተመለሰ ነው። ከህረባ የምንለው ኤሌክትሪክ ግን ገና ነው፤ መብራት እንደ ልብ በሌለበት ደግሞ የባሕር ዓሣ አይታሰብም። ጉልበቴም ደረጃ አልወጣ ብሏል። እጄ ሥራ ሲፈታ አፌ ሥራ ያዘና፣ የሰፈር ሰው የዓሣውን ነገር ንገሪን እያለ ስለሚያስቸግረኝ፣ አንዴ ልጻፈውና ይረፉ ብዬ ነው።

ወደ ሥራው የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ስሜ ዘነበች ነው፤ ካርቱም ግን ዘይነብ አድርጎታል። ከጎንደር በመተማ በኩል መጥቼ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ከሠራሁ በኋላ፣ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ አጠገብ ያለ አንድ የዓሣ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል አሉኝ። ምግብ ቤት መስሎኝ ሽርጥና ቢላ ይዤ ሄድኩ። ባለቤቱ ቢላውን አየና በጣም ሳቀ። ዓም ኦሼክ ይባላል፤ ዓም ማለት አጎት ማለት ነው። ፖርት ሱዳን የተወለደ የቤጃ ሰው ሲሆን በወጣትነቱ ባሕር ውስጥ ጠላቂ ነበር። ጆሮው ሲታመምበት መጥለቁን ትቶ ካርቱም መጣና የባሕር ዓሣ መሸጥና በየቤቱ ያሉትን ገንዳዎች መንከባከብ ጀመረ። የእሱ ዐረብኛ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው፣ የእኔም እንደዚያው። በሁለት የተሰበረ ዐረብኛ መግባባት ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፤ ትርፍ ነገር አይወራም።

መጀመሪያ ያስተማረኝ ጫማ ማውለቅን ነው። ዓሣ የእግር ኮቴ በሰውነቱ ይሰማል፤ አዲስ ዓሣ ባለበት ክፍል ጫማ አድርጎ መራመድ ሰው ቤት ገብቶ በሩን እንደ መደብደብ ነው ይል ነበር። ቀጥሎ እጅ መታጠብን አስተማረኝ፤ እስከ ክርን፣ ያለ ሳሙና። ሳሙና የነካው ጣት አንድ ገንዳ ሙሉ ዓሣ ይገድላል። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ መቀመጥን ነው። በየቀኑ ጠዋት፣ እጁን ውሃ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ገንዳውን ያያል። ቸኩሎ የሚነሳበትን ቀን አላየሁም። እኔን ደግሞ አጠገቡ ያስቀምጥና ምን አየሽ ይለኛል። ደህና ናቸው ካልኩት ይቆጣል።

«ደህና ናቸው ማለት አላየሁም ማለት ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ማን ቀድሞ በላ? ማን ከማን ሸሸ? ያኛው ትናንት የተደበቀው ከየትኛው ድንጋይ ሥር ነበር?»

መጀመሪያ ላይ እየፈራሁ፣ እንዳይቆጣኝ ብዬ አያለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሳልታዘዝ ማየት ጀመርኩ። አንዷ ዓሣ ለምን ቀኑን ሙሉ የገንዳውን ግራ ጎን ብቻ እንደምትጠብቅ ለማወቅ ስል ምሳዬን የረሳሁበት ቀን አለ። ለካ በመስተዋቱ ላይ የራሷን መልክ እያየች ሌላ ዓሣ መጣብኝ ብላ ነው።

ባሕሩን የምንሠራው ከቧንቧ ውሃ ነው። ውሃው ከጥቁር ዓባይ ስለሚመጣ በክረምት ቀይ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ዓም ኦሼክ በርሜሉ ሥር የተኛውን ደለል በጣቱ እያነሳ፣ ያገርሽ አፈር መጣልሽ ይለኛል። እናዘቅጠዋለን፣ በከሰል እናሳልፈዋለን፣ በጥቃቅን ወንፊት እናጣራዋለን፤ ከዚያ ለዚሁ የተዘጋጀውን ጨው እንበጠብጣለን። ጨው ከተጨመረ በኋላ ውሃው አንድ ቀን ሙሉ አየር እየገባበት መሽከርከር አለበት። በመለኪያ ሳይለካ በፊት በምላሱ ይቀምሰዋል፤ መለኪያው የሚለውን አስቀድሞ ይናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይስትም። ሰው የሚሳሳተው ገንዳው ሲጎድል ነው። በካርቱም ሙቀት ውሃው በየቀኑ ይተናል፤ የሚተነው ግን ውሃው እንጂ ጨው አይደለም። ስለዚህ የሚጨመረው ንጹህ ውሃ ነው። አንድ ሀብታም ደንበኛ ይህን ነግሬው ሳይሰማኝ በየቀኑ የጨው ውሃ ሲጨምርበት ሰንብቶ ዓሦቹን በቁማቸው አቁላላቸው።

ብዙ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ። የሆቴል አዳራሽ ሠርቻለሁ፣ የነጋዴ ሳሎን ሠርቻለሁ። የኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወረቀት ጊዜው አልፎ ፖሊስ ከሃፍላ፣ ከከተማው አውቶቡስ፣ ያወረደኝም ጊዜ አለ፤ ባልዲዬን አይተው ዓሣ ሻጭ ናት ብለው ለቀቁኝ። በጾም ቀን እጄ የዓሣ ምግብ እየሸተተ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ራቅ ራቅ ይሉኝ ነበር። ይህን ሁሉ ልዘርዝረው ብል አያልቅም። መናገር የምፈልገው ጀሪፍ ስላለው ቤት ነው።

ጀሪፍ ከጥቁር ዓባይ ዳር ዶክቶራ ሰልዋ የምትባል የጥርስ ሐኪም ትኖራለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ነበረች፤ ሳሎኗ ውስጥ ግድግዳውን ግማሽ የሚይዝ ገንዳ አላት። እንደ ሌሎቹ ደንበኞች ለእንግዳ ማሳያ አልነበረም። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ፊቱ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የባሕር መጽሐፍ ገልጣ ለዓም ኦሼክ አንድ ዓሣ አሳየችው። ገላው አመድማ ሰማያዊ፣ በላዩ ቀጫጭን ቢጫ መስመር የተሰመረበት፣ ፊቱ ደግሞ እንደ በሰለ ብርቱካን የቀላ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚኖር የቢራቢሮ ዓሣ ነው። ከቀይ ባሕርና ከአካባቢው በቀር የትም የለም።

ዓም ኦሼክ አይሆንም አላት። ምክንያቱ ምግቡ ነው። ይህ ዓሣ የሚበላው ሕይወት ያለው መርጃን ብቻ ነው። መርጃን ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን አበባ የሚመስሉ እንስሳት አሉበት፣ ዓሣው ቀኑን ሙሉ እነሱን እየለቀመ ይኖራል። ገንዳ ውስጥ ሲገባ ሌላ ምግብ ምግብ መሆኑን አያውቅም። ምግብ መሐል ቆሞ በረሃብ ይሞታል። ዶክቶራ ግን ሦስት ዓመት ጠየቀችው። በመጨረሻ ጥንዱን ከፖርት ሱዳን አስመጣ።

ወዲያው ወንድሙ ሞተበትና ለሐዘን ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። ሲሄድ፣ መብላት እስኪለምዱ ሱቁ ውስጥ እንድጠብቃቸው ዓሦቹን ለእኔ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ራሴን ባለሙያ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። የባለ ዛጎል ሥጋ ፈጭቼ፣ የሞተ መርጃን ቀዳዳ ላይ እየለጠፍኩ አስገባሁላቸው። ስምንት ቀን አልነኩትም። በዘጠነኛው ቀን ወንዱ ጠጋ ብሎ አንድ ጊዜ ነከሰ። ወዲያው ለዶክቶራ ስልክ ደወልኩ።

ሴቷ ግን አልበላችም። ጠጋ ስትል ወንዱ ይገፋታል። ሁለት ቀን ይህን አየሁና፣ ምግቡን እየነጠቃት ነው ብዬ ፈረድኩ። ሴቷን አውጥቼ ሌላ ክፍል ባለ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ለብቻዋ አደረግኋት፤ ማንም ሳይገፋት ትብላ ብዬ። ማንንም አልጠየቅሁም። ስልክ ነበረኝ፤ ዓም ኦሼክን በሐዘኑ ላይ እንዳላውከው ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ራሴ ልፈታው ፈልጌ ነው።

ሴቷ ጥግ ይዛ ቆመች። መልኳ እየገረጣ ሄደ። ወንዱም መብላቱን ተወና በመስተዋቱ ላይ ከጫፍ ጫፍ ይመላለስ ጀመር። ቀስ ብለው ይለምዳሉ አልኩ። በአራተኛው ቀን ሴቷ ሞተች። ወደ ትልቁ ገንዳ ልመልሳት እያሰብኩ ያደርኩበት ቀን ነበር። ወንዱ ከሁለት ቀን በኋላ ተከተላት።

ዶክቶራ ምን ሆኑ ስትለኝ፣ ከባሕር ሲመጡም ታመው ነበር መሰለኝ አልኩ። ይህች ቃል ከአፌ የወጣችው ሳላስባት ነው፤ ከወጣች በኋላ ግን አልመለስኳትም። ዓም ኦሼክ ሲመለስ ዶክቶራ የታመመ ዓሣ ሸጥክልኝ ብላ ክፉኛ ተናገረችው። ቆሜ እሰማለሁ። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ይሆናል ዶክቶራ፣ ባሕር ውስጥ ሁሉ አይታይም አላት። በሃፍላ ተመለስን። ከሃፍላው ወርደን ሱቅ ዐረቢ መሐል ላይ፣ በሻጮቹ ጩኸት ውስጥ፣ የለያየኋቸው እኔ ነኝ አልኩት።

ቆመና አየኝ። ሲቆጣ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ለእኔ ነገርሽኝ» አለኝ። «ያ ቢቲ፣ ለእሷስ?» ያ ቢቲ ማለት ልጄ ማለት ነው።

በማግስቱ ጀሪፍ ሄጄ ለዶክቶራ ነገርኳት።  እሷም የራሷን ጥፋት አነሳች፤ ሐኪም ሆና በመጀመሪያው ዓመት የአንዱን ሰው ደህና ጥርስ ነቅላ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችኝ። ከዚያ ተነስታ ለዓም ኦሼክ ደወለችና ይቅርታ ጠየቀችው። እኔን ቅዳሜ እንደ ወትሮው ነይ አለችኝ። ባታባርረኝ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ያን ቅዳሜ ለጥንዱ ብለን ባዶ ያደረግነውን ገንዳዋን መወልወል ከመባረር የከበደ ነበር።

ሁለተኛውን ጥንድ ለማምጣት የደፈርነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በመሐሉ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያልታየ ምግብ ምግብ መሆኑን ማን ያስተምራል እያልኩ አስብ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አዲስ የመጡ ትንንሽ ዓሦችን ሳይ፣ ፈሪዎቹ የሚበሉት ደፋሩ ሲበላ አይተው መሆኑን ልብ አልኩ። ለዓም ኦሼክ፣ የሚበላ የቢራቢሮ ዓሣ አስተማሪ እናድርግላቸው አልኩት። እሱ ያን ጊዜ አርጅቶ ሱቁን ለመዝጋት እየተሰናዳ ነበር። ሐሳቡን ብዙ ቀን አገላበጠውና፣ ኢንሻአላህ እንሞክር አለ።

አስተማሪው ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭንብል ያለው፣ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ሆዳም ነበር። ጥንዱ ከመምጣታቸው ወር ቀደም ብሎ ዶክቶራ ሳሎን ባለው ገንዳ ውስጥ አስገብቼ፣ የተፈጨውን የባለ ዛጎል ሥጋ ከመርጃኑ ላይ መልቀም አለመድኩት። ጥንዱ ሲመጡ ሁለት ቀን በጨለማ አስቀመጥናቸው። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ሣጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። ሆዳሙ ይለቅማል፣ እነሱ ከሩቅ ያዩታል። በስድስተኛው ቀን ወንዱ አጠገቡ መጥቶ ነከሰ። ሴቷ ስትጠጋ ገፋት። እጄን በጉልበቴ መሐል አጥብቄ ይዤ ተቀመጥኩ። ወንዱ ከላይ እየጎረሰ ሲያራግፍ ፍርፋሪው ወደ ታች ይወርዳል። ሴቷ ዝቅ ብላ መርጃኑ ሥር ቆመች፣ የወረደውንም አንድ በአንድ ለቀመች። የገፋት ከምግቡ ሊያርቃት አልነበረም። እሱ ከላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ እሷ ከታች ትበላለች። ያችኛዋን፣ የመጀመሪያዋንም፣ ሁለት ቀን ብታገሣት ኖሮ ትበላ ነበር ይሆናል። ደስታዬም ጸጸቴም በአንድ ላይ መጣና አለቀስኩ። ዶክቶራ ከበር ላይ ቆማ አይታኝ ምን ሞተ ብላ ደነገጠች።

ስድስት ዓመት ኖሩ። ሆዳሙ አርጅቶ ሞተ፣ እነሱ ቀሩ። ዓም ኦሼክ ወደ ፖርት ሱዳን ተመለሰ፤ በየሳምንቱ እየደወልኩ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ውሃው ከፍ ካለ ቦታ ሲፈስ ወንዱ ብቻውን ለምን ወደ አረፋው እንደሚሄድ ሁለታችንም ሳናውቀው ቀረን።

ጦርነቱ የጀመረው የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለበዓሉ እንዲመቸኝ በማለዳ ጀሪፍ ሄጄ ሥራዬን ልጨርስ ነበር። ተኩሱ ሲጀምር መውጣት አልተቻለም፤ አሥራ አንድ ቀን እዚያው ከዶክቶራ ጋር ቆየሁ። ከህረባ በሁለተኛው ቀን ጠፋ። አየር የሚሰጠው ፓምፕ ሲቆም ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። በማንቆርቆሪያ ውሃውን እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈሳለን፤ እንዲያ ሲሆን አየር ይገባበታል። እኔና ዶክቶራ ተራ ገባን። ለሙቀቱ ጆንያ እያራስን መስተዋቱን አለበስነው። ቤት ውስጥ የቀረችው መጠጫ ውሃ ስታንስ፣ የምንጠጣውን ለጆንያው አላዋልንም፤ ያን ጊዜ በጨው ውሃ አራስነው። የመስኮቱ መስተዋት የረገፈ ቀን እንኳን ዶክቶራ ማንቆርቆሪያውን አላስቀመጠችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ መደኒ ከተማ የሚወጣ አውቶቡስ ተገኘ። ለአንድ ሰው አንድ ጓዝ ብቻ ተፈቀደ።

«ዘይነብ፣ እነሱን ተያቸው» አለችኝ ዶክቶራ።

«የእኔ ጓዝ እነሱ ናቸው» አልኳት።

ልብሴን ትቼ የዓሣ ማጓጓዣውን ሣጥን ወሰድኩ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነበረኝ፤ ባትሪውን ለዚያ ቀን ስቆጥብ ነው የሰነበትኩት። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም አጥርቼ አልናገርም። ሰው እየሞተ ዓሣ ማትረፍ ነውር መስሎኝ በመንገዱ ሁሉ አፍሬ ነበር። ግን ትቻቸው ብሄድ ምን እንደሚሆኑ በየሰዓቱ አውቀው ነበር፤ ያን ማወቅ አልቻልኩትም።

ከመደኒ ወደ ፖርት ሱዳን ቀጠልን፤ በጠቅላላው ሦስት ቀን ተጓዝን። አንድ ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ ሣጥኑን ክፈቺ አለኝ። ወርቅ መስሎታል። ከፈትኩት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ብዙ ጊዜም ቆየ። ሹፌሩ ያላ ያላ እያለ ሲያጣድፍ አልሰማውም። ይኖራሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ክዳኑን ራሱ መለሰልኝ፣ እርጥቡን ጆንያም አስተካክሎ አለበሰው።

ፖርት ሱዳን ስንደርስ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ዶክቶራ በሳምንቱ በመርከብ ወደ ጂዳ ተሻገረች። ስትሰናበተኝ ዓሦቹ ያንቺ ናቸው አለችኝ። ዓም ኦሼክ ቤት አረፍኩ። አንድ የሆቴል ሰው ሰምቶ መጣና ገንዳ አለኝ፣ ሥራም እሰጥሻለሁ አለኝ። ዓም ኦሼክን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት። ባለቤታቸው አንቺ ነሽ አለኝ። ሁለት ቀን አሰብኩና ወደ ባሕር ይመለሱ አልኩ። በሽታ ይዘው እንዳይገቡ ሦስት ሳምንት በባሕር ውሃ ለብቻቸው አስቀመጥናቸው። ከእጄ የተፈጨ ሥጋ ይበሉ ነበር።

የዓም ኦሼክ የወንድሙ ልጅ ጀልባ ነበረው፤ በእሱ ወጣን። ባሕር ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ከታች መርጃኑ ያለበት ቦታ ስንደርስ ዓሦቹን በባልዲ አውርደን ለቀቅናቸው፤ እኔ ሥሩ መስተዋት የሆነ ሌላ ባልዲ ውሃው ላይ አድርጌ አያለሁ። መርጃኑን ሲያዩ ይፈሩታል፣ የሚያሳያቸው ስለሌለ ግራ ይገባቸዋል ብዬ ነበር። ወርደው ደቂቃ አልቆዩም። ወንዱ ከላይ፣ ሴቷ ከታች ሆነው መልቀም ጀመሩ። እኔ ስንት ዓመት የለፋሁበትን ትምህርት አንድ ጊዜ እንኳን ዞረው አላዩትም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጀልባው ተናወጠ።

ከዚያ ከመርጃኑ ወዲያ ዞሩ። ዓም ኦሼክ ልንሂድ ወይ አለኝ፤ ትንሽ ቆይ አልኩት። ቆይቶ ከዚያው ጎን አንድ ጥንድ ባለ ብርቱካን ፊት ብቅ አለ። ወዲያው ሌላ ጥንድ ከግራ መጣ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ። እየተጠጉ፣ እየተያዩ፣ እየተራራቁ አለፉ። ዓይኔን ከመስተዋቱ አልነቀልኩም። ከስድስት ዓመት በላይ ሳይ የኖርኳቸው ናቸው፤ የእኔዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ ግን መለየት አቃተኝ።